ሰው እያየ የሚሠራ ሥራ

እማማ መቀስ አማቻቸውን አራት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ሲሉት ኖሩ። የሰማ ሰው አክብሮት ይመስለዋል። አክብሮት አልነበረም፤ አጥር ነበር። አንድያ ልጃቸው ፋርማሲስት ናት፤ ሐኪሞች ራሳቸው የጻፉትን ማንበብ ሲያቅታቸው እሷ ዘንድ ነው የሚልኩት። እንዲህ ያለች ልጅ አንድ ቀን ከበሮ የሚመታ ሰው ይዛ ቤት ገባች።

«ሥራው ምንድን ነው?» አሉ እማማ መቀስ፣ ልጅቱን ወደ ጓዳ ጎትተው።

«ሙዚቀኛ ነው እማዬ። ሮክ ባንድ ውስጥ ከበሮ ይመታል።»

«እሺ ይምታ። ሥራውስ?»

ልጅቱ በሳቅ ፈረሰች። እሳቸው ግን ከልባቸው ነበር የጠየቁት።

ሥራ የሚባለውን ያውቁታላ! ሠላሳ አራት ዓመት ከስፌት መኪና ጀርባ ተቀምጠው የከተማውን ቴአትር ቤቶች መጋረጃ የሰፉ ሴት ናቸው፤ ስድስት ወንድ ተሸክሞ የሚያወጣውን፣ እንዳይወዛወዝ ዘርፉ ውስጥ ሰንሰለት የሚሰፋበትን ዓይነት። «መቀስ» የሚለውን ስም ሰፈሩ ያወጣላቸው ለእጃቸው ይሁን ለምላሳቸው እስከ ዛሬ አልተለየም። ሁለቱም ሲቆርጡ አይታዩም፤ የሚታየው ከተቆረጠ በኋላ ነው።

አማችየውን ደግሞ ጓደኞቹ «ዝምታ» ይሉታል። ሲመጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም ይላል፣ ሲያቀርቡለት «እሺ» ይላል፣ ሲጠግብ «በቃኝ» ይላል፤ አለቀ። የአራት ዓመት ወሬው ቢጠራቀም አንድ ፖስታ ካርድ አይሞላም። «ስሙ ዝምታ፣ ሥራው ጩኸት» ይሉ ነበር እማማ መቀስ ለጎረቤቶቻቸው፤ «ልጄን በየትኛው እንዳጠመዳት ነው ያልገባኝ።»

ታዲያ አንድ ሰኞ ጠዋት ዝምታ ብቻውን መጥቶ በር አንኳኳ። ያለ ሚስቱ መጥቶ አያውቅም። እማማ መቀስ በሩን ከፍተው ሲያዩት ሰላምታውንም ረሱት።

«ልጄ ምን ሆነች?»

«ደህና ናት! እሷ ደህና ናት» አለ ቶሎ ብሎ። ከዚያ ቃል የጨረሰ ይመስል ቆመ። እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው። «መጋረጃ ፈልገን ነው፣ እማማ።»

እንዲቀመጥ አደረጉት። ነገሩን ከአፉ ማውጣት እሾህ ከእግር እንደ ማውጣት ነበር፤ ግን ወጣ። ባንዱ አዲስ አልበም ሊቀርጽ ነው። የሚቀርጸው በስቱዲዮ አይደለም፤ የድሮው ፖስታ ቤት አዳራሽ መሃል በተተከለ መስታወት ቤት ውስጥ ነው። ከሐሙስ ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ቆሞ ሊያይ ይችላል።

«ሰው እያየ?» አሉ እማማ መቀስ።

«አዎ።»

«ስትሳሳቱም?»

«ስንሳሳትም።»

«ምን ሆናችሁ ነው?»

«ሰው ዘፈን ከሰማይ ዱብ የሚል ይመስለዋል፣ እማማ። ድምፃዊታችን ናት ያሰበችው። ሲሠራ ይዩት አለች።»

ይኸ ለእሱ ንግግር ሳይሆን ስብከት ነበር። እማማ መቀስ ሳያስቡት ወንበራቸውን ቀረብ አደረጉ። ችግሩ፣ አለ ዝምታ፣ መስታወቱ ድምፁን እያነጠረ ማስቸገሩ ነው። ከሁለቱ ጎኖችና ከጣሪያው ላይ ከባድ መጋረጃ ካልተሰቀለ ቀረጻ የሚባል ነገር የለም። የቀረው ሦስት ቀን ነው። ሦስት ልብስ ሰፊ ጠይቀው ሦስቱም ሳቁባቸው።

«እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ አልኳቸው» አለና ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

እማማ መቀስ ዕቃ ቤታቸው ውስጥ የፈረሰ ቴአትር ቤት ከፋይ ጨርቅ ነበራቸው፤ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ሲዳስሱት እንደ በግ ጀርባ የሚጠልቅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳስቀመጡት ሲጠየቁ «አይታወቅም» ነበር መልሳቸው። አሁን ታወቀ።

«ለመጋረጃው ብዬ ነው» አሉ ሲነሱ፤ «ለከበሮዎ ብዬ እንዳይመስልዎት።»

«አይመስለኝም፣ እማማ» አለ ዝምታ፣ በታላቅ እፎይታ።

የድሮው ፖስታ ቤት አዳራሽ ወለሉ እብነ በረድ፣ ጣሪያው ጉልላት ነው። ፖስታ ቤቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ከተዛወረ ቆይቷል፤ የቀረው አንድ ግድግዳ ሙሉ የፖስታ ሳጥን ብቻ ነው፣ ሰዎች ትንንሽ ቁልፍ ይዘው እየመጡ ደብዳቤያቸውን የሚያወጡበት። መስታወት ቤቱ ልክ ከጉልላቱ ሥር ተተክሏል። እማማ መቀስ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲገቡ የድምፅ ባለሙያው ተቀበላቸው፤ ሽበታም፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው ነው።

«ይስሙ» አለና አንዴ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከአራቱም መስታወት ተመልሶ መጣ፤ እርስ በርሱ ተላተመ፤ እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ተንሿሿ። «አንድ ጊዜ አጨበጨብኩ፣ አሥር ጊዜ መለሰልኝ። እዚህ ውስጥ ከበሮ ሲመታ ደግሞ ያስቡት።»

ሦስት ቀን ሰፉ። ዝምታ ጨርቁን ይዘረጋል፣ ይሸከማል፣ መሰላል ላይ ይወጣል፤ «ወደ ግራ» ሲሉት ወደ ግራ፣ «ይሳቡት» ሲሉት ይስባል፤ አንድ ጊዜ እንኳ «ለምን?» አላለም። እማማ መቀስ እጥፋቱን ጥቅጥቅ አድርገው፣ ዘርፉን በሰንሰለት አክብደው፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ቀለበት ሰቀሉ።

«አሁን እርስዎ ያጨብጭቡ» አላቸው ባለሙያው።

እማማ መቀስ አጨበጨቡ። ድምፁ እዚያው መዳፋቸው ላይ ሞተ።

ደግመው አጨበጨቡ። ጆሯቸው የተደፈነ መስሏቸው ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉ፤ ሲውጡ የራሳቸውን ጉሮሮ ሰሙት። ከዚያ ትንፋሻቸውን። ከዚያ ደግሞ፣ ዝም ብለው ሲቆሙ፣ ከውስጥ በኩል ዱብ ዱብ የሚል ነገር፤ ልባቸው ነበር። ስድሳ ሦስት ዓመት ሲመታ ኖሮ በጆሯቸው ሰምተውት አያውቁም። እጃቸውን ዘርግተው የገዛ ስፌታቸውን ነኩት፤ የሌላ ሰው ሥራ የሚነኩ ያህል።

«እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ለዐይን የሰፋሁ መስሎኝ» አሉ ቀስ ብለው። ሰፈሩ ቢያያቸው ጉድ ባለ።

ሥራቸው በዚያ ማለቅ ነበረበት። ግን መጋረጃ አዲስ ሲሰቀል ይረግባል፣ ዘርፉ ይወርዳል፤ «አንድ ሁለት ቀን ልይለት» ብለው ሐሙስ ጠዋት መርፌና ክራቸውን ይዘው ተመለሱ። መስታወት ቤቱ በር አጠገብ ወንበር ተሰጣቸው። ከዚያ ወንበር አልተነሱም።

የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ግጥም አለ። ውስጥ የሚሠራው በድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ ይሰማል፤ ሕዝቡ ኮንሰርት መስሎት ሊጨፍር ነው የመጣው። አራቱ ገቡ፤ ድምፃዊቷ፣ ቁመቷ አጭር፣ ዐይኗ እሳት የሆነ ልጅ፤ ጊታር ተጫዋቹ፤ ቤዝ የሚጫወተው፤ ዝምታ። ጀመሩ። አዳራሹ ተንቀጠቀጠ። ሕዝቡ ጮኸ። እነሱም አቆሙ።

«ከሁለተኛው የግጥም ቤት እንደገና» አለ የባለሙያው ድምፅ።

እንደገና። አቆሙ። እንደገና። አቆሙ። እማማ መቀስ በእያንዳንዱ ድግግሞሽ አንድ ክር ላይ አንድ ቋጠሮ ይቋጥሩ ጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ክሩን ሲያዩት አንዲት ትንሽ ቁራጭ ዜማ ብቻ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሠርታለች። እሳቸው የሰሙት ልዩነት አልነበረም። እነሱ ግን በሠላሳ አንደኛው ላይ እርስ በርስ ተያዩና ሳይነጋገሩ ፈገግ አሉ። እማማ መቀስ ያን ፈገግታ ያውቁታል። ስፌት ተተርትሮ፣ ተሰፍቶ፣ እንደገና ተተርትሮ፣ በመጨረሻ ክሩ ያለ ግድ ሲተኛ ሰፊው ብቻውን የሚፈግገው ነው። ይህን ፈገግታ ሌላ ሰው ፊት ላይ አይተውት አያውቁም፤ ምክንያቱም ሲሠሩ ማንም አብሯቸው ተቀምጦ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ሕዝቡ ሳሳ። የቀሩት ደብዳቤ ሊያወጡ የመጡና ፀሐይ የሸሹ ነበሩ። አንድ ኮቱን አሳምሮ የለበሰ ሰውዬ ቁልፉን እያሽከረከረ ትንሽ ቆሞ አየና፣ «ዘፈኑን አያውቁትም እንዴ? አንድ ቦታ ላይ ተሰንክለው ቀሩ እኮ!» አለ።

«ይኸ የለበሱት ኮት» አሉ እማማ መቀስ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «ስንት ጊዜ ተተርትሮ እንደ ተሰፋ ቢነገርዎት አይለብሱትም ነበር። ቆመው ይማሩ፣ ካልሆነም ደብዳቤዎን ይውሰዱ።»

ሰውየው ደብዳቤውን ወሰደ። እማማ መቀስ ግን ለማን ተሟግተው እንደ ተናገሩ ዘግይቶ ነው የገባቸው፤ ገብቷቸውም ጉንጫቸው ጋለ።

በስድስተኛው ቀን ባንዱ ለምሳ ሲወጣ የድምፅ ባለሙያው ጠራቸው። «እማማ፣ ይህን ያህል ቀን ተቀምጠው የውጩን ብቻ ይሰማሉ። ይምጡ፣ የውስጡን ላሰማዎት።» ትልልቅ ጆሮ ማዳመጫ ራሳቸው ላይ ደፋላቸው። «ይህ ሁላቸውም ናቸው» አለ፤ ያው የሚያውቁት ጩኸት መጣ። «አሁን አንድ በአንድ ላውጣቸው።» ጊታሩ ጠፋ። ቤዙ ጠፋ። ድምፃዊቷም ጠፋች። ከበሮው ብቻውን ቀረ።

እማማ መቀስ ጩኸት ጠብቀው ነበር። የሰሙት ሰው ነው። ከእያንዳንዱ ምት በፊት አጭር ትንፋሽ አለ፤ ዱላው ቆዳው ላይ ሲያርፍ፣ ሲነሳ፣ እግሩ ፔዳሉን ሊረግጥ ሲል ጫማው ትንሽ ሲያንኳኳ ይሰማል። የጎረቤት ቤት እየተሠራ ያለ ይመስል ነበር፤ አንድ ሰው ብቻውን፣ ሳይቸኩል፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እያኖረ። ባለሙያው የድምፃዊቷን ድምፅ መልሶ አስገባ።

«እዚች ጋ ልብ ብለው ይስሙ። ይቺ ልጅ እዚህ ቦታ ላይ ትንፋሿ ያጥራታል። ሰሙ? ይጠብቃታል።»

«ማን?»

«ዝምታ ነዋ። ጥቅሻ ለምታህል ጊዜ ይዘገይላታል። እሷ እንኳ መጠበቋን አታውቅም። ከዚያ ማንም ሳይነቃ ወደ ልኩ ይመልሳታል። ማንም አላዘዘውም፤ ስለተናገርኩት እንኳ ያፍራል። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ የሚሰማ ሰው ሁለት ባይ ነው።»

እማማ መቀስ ያቺን ቦታ ሦስት ጊዜ አስደገሙት። በሦስተኛው ጆሮ ማዳመጫውን አወለቁ። «ቤትም እንዲህ ነው እንዴ?» አሉ።

«እሱን እንኳ ልጅዎን ይጠይቁ» ብሎ ሳቀ ባለሙያው።

ጠየቁ። ወደ አዳራሹ ደጃፍ ወጥተው ደወሉ። «ባልሽ ስታወሪ ይጠብቅሻል?»

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ?»

«ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።»

ከስልኩ ወዲያ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ ሲያወራ ይሰማል። ልጅቱ ደንበኛውን «አንዴ» አለችው። «ሁሌም» አለች ከዚያ። «ለምን ያገባሁት መሰለሽ?»

እስከ አሥረኛው ቀን ድረስ ስምንት ዘፈን ተቀረጸ። የቀረው አንድ ነበር፣ ድምፃዊቷ ለሞተው ወንድሟ የጻፈችው። ቀስ ያለ ነው፤ መጀመሪያ እሷ ብቻዋን ትገባለች፣ ሌሎቹ ኋላ ይከተሏታል። «በሩን አልዘጋሁትም፣ ነፋስ ነው የዘጋው» የምትለው ስንኝ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ። እንደገና። ተሰበረ። እንደገና ጀመረች፤ አሁንም እዚያው። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ሁለት ሰው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጻታል፤ አንዱ ሳቀ፤ ክፋት ላይሆን ይችላል፣ ሰው ሲጨንቀውም ይስቃል።

«እንደ ገንዳ ዓሣ አታድርጉኝ!» አለች በማይክሮፎኑ። አዳራሹ ሁሉ ሰማት። ማይክሮፎኑን ትታ ከኋላ መጋረጃው ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

እማማ መቀስ በዚያ በኩል፣ መስታወት ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ የወረደ ዘርፍ እያነሱ ነበር። መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰኩና አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ልጅቱ ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

«እማማ፣ የቀሩትን ሁለት ጎኖች መሸፈን ይቻላል?»

«ጨርቁ አለኝ። ነገ ጠዋት ተሰቅሎ ይጠብቅሻል፣ ከፈለግሽ።»

ልጅቱ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች፤ ወዲያው ደግሞ በእምቢታ ወዘወዘች። «ሰዎቹ አይደሉም እኮ የከበዱኝ። መስታወቱ ነው። ውስጡ ብርሃን ስለሆነ እነሱ እኔን ያዩኛል፤ እኔ ግን የማየው የራሴን መልክ ነው። ስለ ወንድሜ ለገዛ መልኬ መዝፈን አልቻልኩም።»

እማማ መቀስ መጋረጃውን ሽቅብ አዩት። «ይህንን እንኳ መጋረጃ አይፈታውም፣ ልጄ» አሉ።

ዝምታ ከከበሮው ጀርባ ሆኖ ሰምቷቸዋል። ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አኖረ።

«እንውጣ» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ወደ ሰዎቹ። እንውጣ።»

በማግስቱ፣ በመጨረሻው ቀን፣ አዳራሹ ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ሞላ። ወሬው ከተማውን አዳርሶት ነበር፤ ያለቀሰችውን ለማየት የመጣም ነበረ፣ ከመስታወቱ ልትወጣ ነው ሲባል ሰምቶ የመጣም። ጥበቃው አራት መቶ ሰው ቆጥሮ በሩን መለሰው። ባለሙያው ግን ፀጉሩን እየነጨ ነበር። ከጉልላቱ ሥር ቆሞ ሰው ከመግባቱ በፊት አጨብጭቦ ነበርና፣ ጭብጨባው ሽቅብ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ተሰባብሮ ነው የወረደለት።

«ይህን ማስተጋባት ለመግደል አልነበረም እንዴ ሦስት ቀን የለፋነው? እዚህ አንድ ስንኝ እንኳ አይቀረጽም!»

እማማ መቀስ አዳራሹን አዩ። ኮት፣ ሹራብ፣ ቀሚስ፣ ሻርፕ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ።

«አሁን ያጨብጭቡ እስቲ» አሉ።

«ምን ይለወጣል ብለው?»

«ሰውም እኮ ጨርቅ ለብሷል።»

ባለሙያው አጨበጨበ። ድምፁ ወጣ፣ ጉልላቱን ዳሰሰው፣ ለስለስ ብሎ እንደ ላባ ወረደ። ባለሙያው እማማ መቀስን አየ፤ ሕዝቡን አየ፤ ሮጦ መስታወት ቤት ገባና ከመሣሪያው ፊት ተቀመጠ። እንግዲህ ከመስታወቱ በስተጀርባ የቀረው እሱ ብቻ ሆነ።

አንድ ማይክሮፎን ረጅም እግር ላይ ተተከለ። ዝምታ አንዱን ከበሮ ብቻ ታቅፎ ወጣ። ጊታሩና ቤዙ ተከተሉት። ድምፃዊቷ እብነ በረዱ ላይ ቆመች፤ ፊት ለፊቷ ያለው ሰው እጁን ቢዘረጋ ይነካታል። ዝምታ ከበሮውን ሲያስተካክል ጃኬቱ ላይ ያለው ዚፕ ከብረቱ ጋር ተጋጨ።

«ጃኬትህን አውልቀው፣ ዚፑ ይጮሃል» አሉት እማማ መቀስ።

ዝምታ ቀና አለ። ጃኬቱን አውልቆ ሰጣቸው። አራት ዓመት «እርስዎ» ሲባል የኖረ ሰው በአንድ ፊደል ምን እንደ ተሰጠው ያውቃል፤ ሰጪዋ ግን በዚያ ሰዓት ልብ አላሉትም።

ከዚያ ዝምታ ወደ ሕዝቡ ዞረ። ጆሮው ቀላ። «አምስት ደቂቃ ነው» አለ። «ድምፅ ካሰማችሁ እናንተም ዘፈኑ ውስጥ ትገባላችሁ። ካላሰማችሁም ትገባላችሁ። እባካችሁ።»

በመጀመሪያው ሙከራ አንዲት ሴት አስነጠሰች። በሁለተኛው ድምፃዊቷ ራሷ አንድ ቃል ዘለለች። «ይቅርታ!» አለች። «እኔ ነኝ ማለት ያለብኝ!» አለች ያስነጠሰችው፤ አራት መቶው ሰው በአንድ አፍ ሳቀ፤ ድምፃዊቷም አብራ ሳቀች፣ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ አንድ አዛውንት ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ሲጢጥ ይል ነበር። አጠገባቸው ያለችው ወጣት አየቻቸውና የእሷንም አወለቀች። ማንም አላዘዘም። ወዲያና ወዲህ ሰው ሁሉ እየተደጋገፈ ያወልቅ ጀመር፤ ጥበቃው የቁልፍ ዘለላውን ከወገቡ ፈትቶ ኮፍያው ውስጥ ጠቀለለው።

ጸጥታው ወረደ። እማማ መቀስ ከዚህ በፊት የሰሙት ጸጥታ በከፋይ የተሠራ፣ እሳቸው ራሳቸው የሰፉት ነበር። ይኸኛውን ግን አራት መቶ ሰው በትንፋሹ ይዞት ነው የቆመው፤ አንዱ ቢለቅ ይወድቃል።

ድምፃዊቷ ጀመረች። ለማንም አልጮኸችም፤ ፊት ለፊቷ ላለው ሰው የምትነግር ይመስል ነበር። ሁለተኛው ቤት ላይ የዝምታ እጅ ከበሮው ላይ አረፈ። ዱላ አልያዘም፤ በመዳፉ ነው፣ የተኛ ሕፃን ጀርባ ላይ እንደሚደረገው። ጊታሩ ገባ፣ ቤዙ ተከተለ። «በሩን አልዘጋሁትም» አለች፤ እማማ መቀስ ትንፋሿ ሲያጥር ሰሙ፤ ያ ቦታ ነው፤ የዝምታን እጅ አዩ። እጁ አየር ላይ ቆመ። ጠበቃት። አራት መቶ ሰው አብሮ ጠበቀ። «ነፋስ ነው የዘጋው» አለች፣ ድምፅዋም አልተሰበረም፤ ተሰነጠቀ እንጂ፣ በስንጥቁም ውስጥ የሆነ ነገር ወደ ጉልላቱ ወጣ። መዳፉ ወረደ፣ ያዛት፣ ተሸክሞ ወሰዳት።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዝምታ አንድ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ቆይ ማለቱ ነበር። የመጨረሻው ድምፅ ከላይ ገና ይዞር ነበር። ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ድምፁን በዐይኑ ይከተለው ጀመር፣ የሚታይ ይመስል። እየቀጠነ፣ እየራቀ፣ አለ ሲሉት የለም፣ የለም ሲሉት አለ። እማማ መቀስ መቼ እንዳለቀ አያውቁም። አሁንም ቢጠየቁ ምናልባት አላለቀም ይላሉ። ያወቁት የዝምታ እጅ ሲወርድ፣ ከመስታወቱ ኋላ ባለሙያው መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ሲጠርግና ሕዝቡ በባዶ እግሩ ሲጮህ ነው።

እሳቸው አልጮኹም። ጃኬቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመው ነበር። ልጃቸው ከመድኃኒት ቤት ስትደውል፣ «እንዴት ነበር እማዬ?» ስትል፣ «ነይና ጠይቂኝ፤ በስልክ የሚሆን አይደለም» አሏት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለቱ አብረው ወደ አውቶቡስ ወጡ። ዝምታ መስኮቱ ጋ እንዲቀመጡ ቦታ ለቀቀላቸው። እማማ መቀስ ሊሉት ያሰቡት ብዙ ነበር፤ ስለዚያች ጥበቃ፣ ስለ እጁ፣ ስለ አራቱ ዓመት። ለአንድ ጊዜ እንኳ ቃል መምረጥ ያለባቸው ሆኖ ተሰማቸው፤ ሲመርጡም ሦስት ፌርማታ አለፈ። አንዱን ይዘው ዞር ሲሉ አማቻቸው ተኝቷል። አሥራ አንድ ቀን የሠራ ሰው እንቅልፍ ነው የወሰደው፤ ራሱ ቀስ ብሎ ወረደና ትከሻቸው ላይ አረፈ። እጆቹ ጭኑ ላይ ተዘርግተዋል፤ መዳፉ ቀልቷል፤ ሌባ ጣቱ ጎን ላይ የእሳቸው የመርፌ ጣት ላይ እንዳለው ያለ ጠንካራ ቆዳ አለ።

የእሳቸው ፌርማታ መጣ። አልተነሱም። የልጃቸው ፌርማታ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ትከሻቸውን ሳያነቃንቁ፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ከተማው በመስኮቱ ሲያልፍ አዩ። ተሳፋሪው እየወረደ እየወረደ አልቆ አውቶቡሱ ቆመ።

«እናት፣ መጨረሻው ነው» አለ ሹፌሩ ከፊት።

«አውቃለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ሲመለሱ ያወርዱናል።»